ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ ምድሩና ሳይቆጠሩ የቀሩት

በዚህ ወር ዝግጅታችን ስለ አንድ ሰፊ ምድርና ስለ ነዋሪዎቹ ልናወጋችሁ አስበናል።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ነው። የኢትዮጵያን ካርታ ሰሌዳ ላይ ሰቅለን፣ ጣታችንን በሰሜን ምሥራቅ በኩል በሚገኘው የአፋር ምድር ላይ አሳርፈን ተማሪዎቻችንን «እዚህ ምን አለ?» ስንል ጠየቅናቸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ፈጥኖ እጁን አወጣና «በረሃ» አለ። ሌላው «ጨው» ሲል ጨመረ። ሦስተኛው «ሙቀት!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ሉሲን ያስታወሰችም ነበረች። «ሰው» ያለ ግን አንድም አልተገኘም።

በልጆቹ ልንፈርድ አልቻልንም፤ እኛም በልጅነታችን ብንጠየቅ ከዚህ የተለየ መልስ ባልኖረን ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሻንጣችንን ይዘን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ያለውን መንገድ ልናየው ተነሳን።

ወንዙን ተከትሎ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አዋሽ ከዋና ዋናዎቹ ማረፊያዎች አንዷ ሆና ቀረች። ከከተማዋ ጥግ ቆሞ ወደ ታች የተመለከተ ሰው ወንዙ ጥልቅ ገደል ውስጥ ገብቶ ሲጓዝ ያያል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከአጠገቧ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክና የፈንታሌ ተራራ ይገኛሉ። በዚህ አካባቢ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ያቀናል። ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ይዘልቃል። ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ እጅግ የሚበዛው የሚመላለሰው በጅቡቲ በኩል ስለሆነ፣ በዚህ ጎዳና ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ ሌሊትም አይቋረጥም። ተማሪዎቻችን የለበሱት ሸሚዝና የያዙት እስክሪብቶ ምናልባት በዚያ «ሰው በሌለበት» ምድር አልፎ የመጣ ነው።

የአዋሽ ወንዝ የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። ቆቃ ላይ ግድብ ይጠብቀዋል፤ ወንጂንና መተሐራን ያጠጣል፤ ከዚያም አፋር ይገባና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፋል። ርዝመቱ 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሁሉ ተጉዞ ግን ባሕር አይደርስም። የዮርዳኖስ ወንዝ ሙት ባሕር ውስጥ እንደሚቀር፣ የቦትስዋናው ኦካቫንጎ በረሃ መካከል ረግረግ ሆኖ እንደሚያበቃ ሁሉ፣ አዋሽም ከአሳይታ ወዲያ ሐይቅ ከሐይቅ እየተሻገረ ሄዶ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። በ1926 ዓ.ም. ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለ እንግሊዛዊ ወንዙን ተከትሎ እዚያ በመድረሱ ስሙ በዓለም ታውቋል። አፋሮች ግን ከብቶቻቸውን በሐይቁ ዳር ሲያሰማሩ የኖሩት ከእሱ በፊት በብዙ ትውልድ ነው።

ሰመራ ከአዲስ አበባ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከአዋሽ ተነስተን እዚያ እስክንደርስ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደናል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ጨምሯል። በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል። ሰመራ ወጣት ከተማ ናት። የክልሉ መቀመጫ ቀድሞ አሳይታ ነበረች። ዛሬ ግን መሥሪያ ቤቶቹ፣ በ2000 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዩኒቨርሲቲና በሱልጣን ዓሊሚራሕ ሐንፈሬ ስም የተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ያሉት በሰመራ ነው። ዕድሜ ጠገቡ ስም ግን አውሳ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የሐረር ኢማሞች መቀመጫቸውን ያዛወሩት ወደዚያ ሲሆን፣ በኋላም የአፋር ሱልጣኖች ለዘመናት የነገሡት በዚያው ነው።

ከሥር ያለው መሬትም አይተኛም። የአፍሪካ፣ የሶማሌና የዓረብ የመሬት ቅርፊቶች የሚላቀቁት እዚህ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬቱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቋል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ሲንቀጠቀጥ፣ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቅቆ ወጥቷል።

በግመል ላይ የሚጫን ቤት

ከአዋሽ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ከጎናችን አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ገዋኔ ላይ ለሻይ ስንወርድ፣ ከአንድ ከማያውቁት ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው በለሆሳስ መነጋገር ጀመሩ። ሾፌሩ ጥሩምባ ቢነፋም አልተጣደፉም። ተመልሰው ሲቀመጡ፣ «አባባ፣ ዘመድዎ ኖሯል?» ብለን ጠየቅናቸው። «አይደለም ልጄ፤ ዳጉ ነው» አሉን።

ዳጉ የአፋር የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ቢተዋወቁም ባይተዋወቁም፣ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናቡ የት ጣለ? ሣሩ እንዴት ነው? ማን ታመመ? ማን ወለደ? ማንስ ሞተ? የማይረጋገጥ ነገር ማውራት ነውር ነው፤ ከማን እንደተሰማም ይነገራል። የሐዲስ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ የዘጋቢዎችን ሰንሰለት ማስታወሱ አይቀርም።

ይህ ሥርዓት የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰመራና በዱብቲ አካባቢ በዓመት የሚጥለው ዝናብ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስለሆነም አርብቶ አደሩ ዝናቡ የጣለበትን ተከትሎ መሄድ አለበት። አፋሮች ዓመቱን የሚከፍሉት በዚሁ ነው። ካርማ የሐምሌና የነሐሴ ዋናው ዝናብ ነው፤ ሱጉም የመጋቢትና የሚያዝያ፣ ዳዳ ደግሞ የታኅሣሥ አጭር ዝናብ ነው። ጊላል ቀዝቀዝ ያለው ደረቅ ወቅት ሲሆን፣ ሐጋይ በግንቦትና በሰኔ የሚመጣው የሙቀት ወቅት ነው። ቤቱም ለዚሁ የተመቸ ነው። ከታጠፈ እንጨትና ከዘንባባ ሰሌን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ለጉዞ ሲነሱ ያፈርሱትና በግመል ይጭኑታል፤ ሲደርሱ መልሰው ይተክሉታል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ላለው ቤት የቤት ቁጥር የት ላይ ይለጠፋል?

«ባዶ» የተባለው መሬት

በካርታ ላይ ባዶ የሚመስል መሬት ለሚያውቀው ሰው ባዶ አይደለም። በአዋሽ ዳር ያለው ለምለም ሜዳ በሐጋይ ወቅት የአፋር ከብት መጠጊያ ነበር። በክረምት ሰው ስለማይታይበት ግን ለእንግዳ ዓይን ባለቤት የሌለው መስሎ ታየ። ቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተመረቀና በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ በኋላ፣ በአሚባራ በኩል መልካ ወረርና መልካ ሰዲ፣ በታችኛው አዋሽ ደግሞ ተንዳሆና ዱብቲ የጥጥ እርሻ ሆኑ። ጥጥ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሱልጣን ዓሊሚራሕ ዘመን የአውሳ አፋሮች ራሳቸው ጥጥ እያመረቱ ይሸጡ ነበር። ጉዳቱ የደረሰው የበጋው ግጦሽ ሲወሰድ ለመንጋው ሌላ መሄጃ ባለመታሰቡ ነው። ስለሆነም የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ፣ ወደ ወንዙ የሚወስደው መንገድ የጠበበበት አርብቶ አደር ከብቱንም ልጆቹንም አጣ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በደርግ ዘመን ፕሮሶፒስ የተባለ ከባሕር ማዶ የመጣ እሾሃማ ዛፍ በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። የታሰበው ለጥላና አፈርን ለመያዝ ነበር። ዛፉ ግን ከአጥር ወጥቶ ሜዳውን ወረሰ፤ ሣሩንም አጠፋ። አፋሮች የመጣበትን ዘመን ሳይረሱ የደርግ ዛፍ ብለውታል።

ይህን ያነሳነው ለወቀሳ አይደለም። ሰው መኖሩ በቅጡ ባልታወቀበት ቦታ የሚወሰን ውሳኔ፣ መልካም ሐሳብ ቢኖረው እንኳ፣ በሰው ላይ እንደሚወድቅ ለማሳየት ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ወደ ሕዝቡ እንምጣ። ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። በአፋርና በሶማሌ ክልሎች ግን ለብቻው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ተካሄደ። በዚያ ቆጠራ የአፋር ክልል ሕዝብ 1,390,273 ሆኖ ተመዘገበ። ከእነዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖሩት 185,135 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 13 ገደማ ነው። የክልሉ ስፋት 96,707 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ሲሰላ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚኖረው ሰው 14 ቢሆን ነው። በሌላ አነጋገር ክልሉ ከአገራችን ስፋት 9 በመቶ የሚጠጋውን ይዞ፣ ከሕዝቧ ግን 2 በመቶ እንኳ የማይሞላ ነበረው።

ከነዋሪዎቹ 90 በመቶው አፋሮች ናቸው። አማሮች፣ አርጎባዎች፣ ትግሬዎች፣ ኦሮሞዎች፣ ወላይታዎችና ሌሎችም አብረዋቸው ይኖራሉ። ከመቶ 95 የሚሆነው ሕዝብ ሙስሊም ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ገበያ ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው አፋርኛውን፣ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውንና አርጎብኛውን በአንድ ሱቅ ደጃፍ ሊሰማ ይችላል።

ቆጠራው ከተካሄደ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም፣ አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ቀኑ ተላልፏል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ በግምት የተሰላ ነው። ሰመራን ያኔ ያየ ዛሬ ሊያውቃት አይችልም፤ በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ግን ከያኔው የተነሳ ነው።

የጎደሉት እነማን ናቸው?

ሰመራ ላይ የተቀበለን የሥራ ባልደረባችን ወደሚያስተምርበት ክፍል ወሰደንና ለተማሪዎቹ አንድ ነገር እንድናካፍል ጋበዘን። እኛም ያንኑ የቆጠራ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፍንላቸው፦ ወንድ 775,117፣ ሴት 615,156። «ልዩነቱን አውጡ» አልናቸው። 159,961 አሉን። ወንዶቹ በዚህን ያህል ይበልጣሉ ማለት ነው። ለ100 ወንድ የተመዘገቡት ሴቶች 79 ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ ግን በዚያው ቆጠራ የወንዱና የሴቱ ቁጥር ለመስተካከል ጥቂት ነበር የቀረው።

«ሴቶቹ የት ሄዱ?» ስንል ጠየቅን።

አንድ ተማሪ ብልህ መልስ ሰጠን። «መምህር፣ ወደ ጥጥ እርሻውና ወደ መንገድ ሥራው ከሌላ ክልል የሚመጡት ወንዶች ስለሆኑ ነው» አለ። «እንፈትነው» አልነው። ከአፋር ብሔረሰብ ውጭ የሆነው ነዋሪ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ይኸውም 139,000 ሰው ያህል ማለት ነው። እስቲ ሁሉም ወንዶች ናቸው እንበል፤ አንዲት ሴት፣ አንዲት ሕፃን እንኳ የለችባቸውም እንበል። ቀንሰን ስናየው አሁንም ወንዶቹ በ21,000 ያህል ይበልጣሉ። ከሌላ ብሔረሰብ የሆኑት ሁሉ ወንዶች እንዳልሆኑ ደግሞ ይታወቃል፤ አርጎባዎቹ ለምሳሌ በዚያው ምድር ከነቤተሰባቸው የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የሠራተኛው መምጣት ብቻውን ጉድለቱን አይሞላውም።

በክፍሉ ጥግ የተቀመጠች ሻሿን ጠበቅ ያደረገች ልጅ እጇን ከፍ አደረገች። «በዚያ ቆጠራ ጊዜ ቆጣሪው ወደ ሰፈራችን መጥቶ አባቴን ጠየቀው። አባቴ የወንድሞቼን ስም ተናገረ። ታላቅ እህቴ ፍየል ይዛ ራቅ ብላ ነበር፤ ልትዳርም ነበር። ስሟን አልጠራውም። እስከ ዛሬ እናቴ ታነሳበታለች» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አባቷ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የጠየቃቸው ወንድ ነው፤ ለማያውቁት ወንድ የሴት ልጃቸውን ስም መዘርዘር ነውር መስሏቸው ይሆናል። ወይም ነገ ወደ ባሏ ቤት ስለምትሄድ ከሌላ ቤት ጋር ቆጥረዋት ይሆናል። እዚያኛውም ቤት ገና አልደረሰችም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ቀረች።

ሌላው ምክንያት ከዚህ ይከብዳል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአፋር ከ100 ወሊድ 15 ያህሉ ብቻ በጤና ተቋም እንደተከናወነ አሳይቷል። በአዲስ አበባ 97 ነበር። በአፋር በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 125ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በአዲስ አበባ 39። ጤና ጣቢያው በሩቅ ባለበት፣ ምጥ የያዛት እናት በግመል ወይም በቃሬዛ በምትጓዝበት ምድር፣ ከጎደሉት ሴቶች ከፊሎቹ በእርግጥ በሕይወት የሉም። ሌሎቹ ግን አሉ። ቤቱን የሚያፈርሱትና የሚተክሉት፣ ወተቱን የሚንጡት፣ ውኃውን የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው። የጎደሉት ከወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ይህ ለወረቀት ብቻ የሚቀር ነገር ቢሆን ባላስጨነቀን። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች በጀት የሚያከፋፍልበት ቀመር ከሚመለከታቸው ነገሮች አንዱ የሕዝብ ብዛት ነው። ስንት አዋላጅ፣ ስንት ክትባት፣ ስንት መማሪያ ክፍል እንደሚያስፈልግ የሚታቀደውም ከቁጥር ተነስቶ ነው። አዋላጅ የሚያስፈልጋት እናት ካልተቆጠረች አዋላጇ አትላክላትም። አዋላጅ በማጣት ከሞተች ደግሞ በሚቀጥለው ቆጠራ ዳግመኛ ትጎድላለች።

በመድረሳ የተማርን ሰዎች አንድ ነገር እናስታውስ። በውርስ ሕግ ትምህርታችን ሟቹ ትቷቸው ያለፈው ሴቶች ልጆች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፤ አንዷ ብትዘነጋ ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል፤ ድርሻውም አይጸድቅም። በሟች ፊት እንዲህ በጥንቃቄ የምትቆጠር ልጅ፣ አባቷ በሕይወት ሳለ ለምን ትዘለላለች?

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የሚቀጥለው ቆጠራ መቼ እንደሚሆን የሚወስነው መንግሥት ነው። እስከዚያው ግን በእጃችን ያለ ሥራ አለ። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ በሥራ ላይ ውሏል። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ በቀበሌ ማስመዝገብ ይገባል። ኒካሕም ቢሆን ከታሰረ በኋላ ይመዘገባል። ልደቷ የተመዘገበ ልጅ ዕድሜዋ ይታወቃል፤ ትምህርት ቤት ስትገባም፣ ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል የሚከራከርላት ሲያስፈልግም ወረቀቷ ይናገርላታል። ስለዚህ በአዋሽም በሰመራም በሎጊያም ያላችሁ ወላጆች፣ በአዲስ አበባና በደሴ ያላችሁም ጭምር፣ ለዐቂቃ ዘመድ ስትጠሩ በዚያው ሰሞን ወደ ቀበሌው ብቅ በሉ። ወንዱን እንዳስመዘገባችሁ ሴቷንም አስመዝግቡ።

ኢማሞችና ሽማግሌዎችም ብዙ ማድረግ ይችላሉ። የሴት ልጅን ስም ለመዝጋቢ መናገር ነውር አለመሆኑን ከእነሱ አፍ የሰማ አባት ይሰማል። ዳጉም ይህን መልእክት ከራዲዮ ባላነሰ ፍጥነት እስከ አቤ ሐይቅ ያደርሰዋል። ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ አስቀድሞም የሚያውቀው ዳጉ ነውና፤ የቀረው ያ እውቀት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ማድረግ ነው።

ከሰመራ ስንመለስ በዚያው ጎዳና መጣን። ወደ አዲስ አበባ ክፍላችን ተመልሰን ካርታውን ሰቅለን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅን። «በረሃ» ያለው ልጅ ጥቂት አሰበና፣ «መምህር፣ እዚያ ስንት ሰው አለ?» ሲል እኛኑ መልሶ ጠየቀን። ለዘንድሮ ትምህርት ይህ ጥሩ መነሻ ይሆነናል። እናንተም ልጆቻችሁን ማታ ከመግሪብ በኋላ ካርታ አስይዛችሁ ጠይቋቸው።

ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።